ደም የሌለበት ጨርቅ

ልብስ ሰፊው በሰፈሩ «ሚሊ» ነው የሚባለው፤ ግማሽ ሚሊሜትር የዘነፈ ስፌት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ከአራት ወር በፊት የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ ስቴንት የሚሏት ትንሽ የሽቦ ቱቦ ገባችለት። ሐኪሟ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ሁለት ክኒኖች አዘዘችለትና አስጠነቀቀችው። «በየጠዋቱ ይዋጧቸው። ዓመት እስኪሞላ አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ፤ ካቋረጡ ቱቦዋ ላይ ደም ይረጋል፣ ያ ደግሞ ይገድላል።»

ክኒኑ ተስማማው፤ ጣቱ ግን ጉድ አፈላ። መርፌ ጫር ካደረገው ደሙ አልቆም ይላል። ሚስቱ ቁራጭ ጨርቅ ትጠመጥምለታለች፣ በየቀኑም ያንኑ ታጥባለች። ጥቁር ኮት ላይ ማን ያየዋል? ነገር ግን የአንዲት ልጁ የሰርግ ቀሚስ ደረሰ፤ ነጭ፣ ጠርዙን ዙሪያውን በእጅ ዶቃ የሚሰፋበት። ገና በመጀመሪያው ቀን ደሙ የቀሚሱ እጅጌ ላይ ጠብ አለ። የራስን ደም የራስ ምራቅ ያነሳዋል ይላሉ ሰፊዎች፤ በምራቁ ቢያሸውም ፈዛዛ ምልክቱ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ከማግስቱ ጀምሮ ክኒኖቹን የልብስ ቁልፍ የሚያስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ይከት ጀመር።

በስድስተኛው ቀን ሚስቱ ጨርቁን ልታጥብ አነሳች። ንጹሕ ነው። የትናንቱም የከትናንት ወዲያውም ንጹሕ እንደነበር ትዝ አላት።

«ክኒንህን ውጠሃል?» አለችው መስፊያው ክፍል ገብታ።

«ውጫለሁ።»

«ታዲያ ደምህ የት ሄደ?»

ሚሊ ሳያስበው የቁልፍ ሳጥኑን አየ። ዓይኑን ተከትላ ከፈተችው፤ አሥራ ሁለት ክኒን ከቁልፍ ጋር ተቀላቅሏል።

«ቀሚሱ እስኪያልቅ ብዬ ነው።»

«ቀሚሱ ቢያልቅ፣ አንተ ከሞትክ ሙሽራዋን ማን ይዟት ሊገባ ነው?»

ወዲያው የባሏ ሐኪም ጋ ደወለች። «ባለቤትዎን አሁኑኑ ይዘው ይምጡ» ተባለች። ታክሲ ውስጥ ሚሊ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ላብ አሰመጠው፤ ፈርቷል። እሷ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ብትቆጣው ደስ ባለው ነበር።

ተመረመረ። ቱቦዋ አልተዘጋችም። ሐኪሟ ክኒኑን እዚያው ፊቷ አስዋጠችው። «ለዛሬ አምልጠዋል» አለች።

በሳምንቱ ልጁ ቀሚሱን ለብሳ ቆማ ጠርዙን ሲያስተካክል መርፌው ወጋው። ከውስጥ በኩል አንዲት ቀይ ነጥብ አረፈች። ደንግጦ ምራቁን ሊያስነካት ሲል ልጅቷ እጁን ያዘችው።

«ተዋት አባዬ። እሷን ሳይ መድኃኒትህን እንደዋጥክ አውቃለሁ።»