ጸበል የነካው ወረቀት

ደሳለች የጋፋት ገበሬ ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ሆዱ ተነፍቶ ተመለሰ፤ ካላዛር የሚባለው የተውሳክ በሽታ ነበር። እሱስ ድኗል። እሷን ግን «ይህ ተውሳክ ወደ ሰው ሴል በየት በኩል ይገባል?» የሚለው ነገር ከያዛት ወዲህ አልለቀቃትም። ዛሬ ደብረ ታቦር ከአክስቷ ከእቴቴ ወርቅነሽ ጋር እየኖረች ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች።

ተውሳኩ በር አድርጎታል ብላ የጠረጠረችው አንድ ጂን አለ። እሱን ከሰው ሴል ላይ ቆርጦ ማጥፋት፣ ከዚያ ተውሳኩ መግባት ያቅተው እንደሆነ ማየት ነው ሐሳቧ። እንደ መቀስ የሚቆርጠውን ፕሮቲን ወደዚያ ጂን የሚመራው ትእዛዝ ያለው ፕላዝሚድ በሚባል፣ በዓይን በማይታይ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱን የሠራው አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዋ ሀብታሙ ነው፤ ሴሎቹም እሱ ዘንድ ናቸው። የእሱ ላቦራቶሪ ሲዛወር ታዲያ ቀለበቱ ያለባቸው ብልቃጦች ከነሳጥናቸው ጠፉበት። የተረፈችው ለደሳለች ብሎ ወረቀት ላይ ያደረቃት ጠብታ ብቻ ናት። ቦታዋን በእርሳስ ከቦ፣ «አባዝተሽ መልሽልኝ፤ ሌላ የለኝም» ብሎ በስልክ አስጠንቅቆ ወረቀቷን በአውቶቡስ ላካት።

ደሳለች ከሥራ ስትገባ ፖስታው ተቀዷል። ወረቀቱ የለም።

«እቴቴ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውስ?»

«እሱን አንቺ ንገሪኝ እንጂ! ስም የለው፣ ሰላምታ የለው፣ ባዶ ወረቀት ላይ ክብ አስምሮ የሚልክ በጎ ሰው ነው? መተት ነው ብዬ ጸበል አስነካሁት።»

«ረጩበት?»

«ምን ይረጫል! ነከርኩት እንጂ።»

ጠብታዋ ውኃ ካገኘች ወረቀቱን ለቃ ትወጣለች።

«ውኃውን የት ደፉት?»

«ጸበል እንደ እጣቢ ይደፋል እንዴ? እግር የማይረግጠው ቦታ ወስጄ እስካፈሰው በጣሳ ከድኜዋለሁ።»

«ይስጡኝ፣ እቴቴ!»

«መተት የታጠበበትን? ልትጠጪው?»

«አልጠጣውም፤ በሞቴ!»

አክስቷ እያጉረመረሙ ሰጧት። ላቦራቶሪ ወስዳ ውኃውን በማጣሪያ አጠለለችና ጥቂቱን ከባክቴሪያ ጋር ቀላቀለች። ቀለበቱ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት የመቋቋም ትእዛዝም ስላለው፣ የገባለት ባክቴሪያ መድኃኒቱ ባለበት ሳህን ላይ ይበቅላል፤ ያልገባለት ይሞታል። ሳህኑን ሙቀት ሳጥን ውስጥ ስታስገባ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። መብራቱ እስኪረጋ ከሳጥኑ አልተለየችም።

በማግሥቱ ሳህኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ታዩ። ደስታው ግን አልመጣላትም። ከጣሳው መጥቶ ማጣሪያውን ያመለጠ ሌላ ተሕዋስ ቢሆንስ? የሆነውን ሁሉ ነግራ ናሙናውን ለሀብታሙ ላከች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች።

«የዲኤንኤውን ፊደል በማሽን አስነበብኩት» አለ ሀብታሙ በመጨረሻ። «አንድም አልጎደለ፤ ራሱ ነው! ለእቴቴ ግን የእኔን ስም እንዳትነግሪያቸው፤ ደብተራ ነው ይሉኛል።»

ደሳለች አባዝታ በብዙ ወረቀት ላይ አደረቀችው። አንዱን ይዛ ወደ አክስቷ ገባች።

«እቴቴ፣ ይህን ከሣጥንዎ ያኑሩልኝ። የእርስዎን ሣጥን የሚደፍር የለም።»

እቴቴ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አገላብጠው አዩት።

«እሺ። ከመስቀሌ ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ መተት ከሆነ ራሱ ይወጣል።»

«ይሁን። ብቻ ውኃ አያስነኩት።»