ሁሉም የተስማሙበት መጠይቅ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችን ሜሮን በሩን ቆርቁራ ገባች። ሁለተኛ ዲግሪዋን በማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም የምትማር፣ ሁልጊዜ የቸኮለች ልጅ ናት። በእጇ መጠይቅ ይዛለች።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ አንዴ ይተባበሩኝ። ማንበብም አያስፈልግዎትም፤ ‹በጣም እስማማለሁ› የሚለው ላይ ዝም ብለው ራይት ያድርጉልኝ።»

«በምኑ ነው የምስማማው?»

«ስለ ሞባይል ክፍያ ነው። ግን ግድ የለም፣ ሰኞ ዳታውን ላስገባ ነው።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኳት። ምድጃው ላይ ሽሮዬ ይንተከተካል፣ ከአስፋልቱ የሚኒባስ ረዳቶች ጥሪ ይሰማል፤ የእኔ እጅ ግን ከወረቀቱ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዛሬ የምኖርባት ላፍቶ ገና ጤፍ የሚዘራባት ሜዳ ሳለች፣ እኔንም እንደ ሜሮን ያስቸኮለኝ ግንቦት ፊቴ ላይ መጣብኝ።

ያኔ ሠላሳ አልሞላኝም። መካኒሳ አቦ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ ንፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ ግዢ ክፍል እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ እማራለሁ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ኃላፊያችን ሲወጣ ቁጭ እልና አንዱን ቁልፍ እየነካሁ፣ የተበላሸብኝን እያስተካከልኩ ለመድኩት። እንዲህ አድርጎ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ በዓይኑ ያላየውን ነገር ስለተባለ ብቻ አይቀበልም። ጣጣ ያመጣብኝም ይኸው ጠባዬ ነው።

የምርምር ዘዴ ያስተማሩን ዶክተር ታደለ ነበሩ፤ በኋላም አማካሪዬ ሆኑ። ከኮታቸው ጠመኔ የማይጠፋ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። «ወሬ አይደለም፣ ቁጥር አምጡልኝ» ይሉን ነበር። እኛ ተማሪዎቹ ግን የራሳችን የምርምር ዘዴ ነበረን። ካለፈው ዓመት ተመራቂ መጠይቅ ይወሰዳል፣ የድርጅቱ ስም ይቀየራል፣ ይበተናል፣ አለቀ። አንዱ ጓደኛችን ስሙን መቀየር ረስቶ የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞችን «የባንካችን ገንዘብ ከፋዮች ፈጣን ናቸው ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። እነሱም በጣም ተስማሙ።

የእኔ ጥናት ፋብሪካችን ለመጋዘኑ ያስገባው አዲስ የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም በሠራተኛው ዘንድ ምን ያህል ተቀባይነት እንዳገኘ ነበር። መጠይቁን ታች ላፍቶ ወዳለው መጋዘናችን ላኩት፤ በማግስቱ ተሞልቶ መጣ። ፕሮግራሙን በየቀኑ ይጠቀሙበታል? በጣም። ሥራ አቅልሎላቸዋል? በጣም። ዳታውን አስገብቼ መልሶቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚያሳየውን ቁጥር ሳወጣ፣ ከሙሉ ነጥብ ትንሽ ቢጎድለው ነው። ዶክተር ታደለ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት። «እንዲህ ያለ ንጹህ ዳታ ብዙ አይገጥምም። ጻፊና ሰኔ ላይ አስገቢ» አሉኝ። ሰኔ ያስገባ ሐምሌ ይመረቃል። እናቴ ለምርቃቱ የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ፣ ሰፈሩን በሙሉ ጋብዛ ጨርሳለች።

እኔም ሠራተኞቹን ላመሰግን ትኩስ ፓስቲ ይዤ መጋዘን ወረድኩ። የሰኔ ዝናብ ዋዜማ ነበር፤ ቆርቆሮው ሥር ሙቀቱ የቀለምና የካርቶን ሽታ ይሸታል። ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ደረስኩ፤ የጋሽ ሸምሱ ቆጮና አይብ፣ የእትዬ ወይንሸት ጥቅል ጎመን። «ነይ ብዪ» ተባልኩ። ጎርሼ ቀና ስል ኮምፒውተሩን አየሁት። በነጭ ዳንቴል ተሸፍኗል፤ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው ተቀምጧል።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ይሄ ነገር ይሠራል?»

«አዲስ እኮ ነው፣ ለምን አይሠራም?»

«እና ማን ይጠቀምበታል?»

ተያዩ። የመጋዘኑ አንጋፋ ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ጠራረጉና፣ «እንዴ፣ አንቺ እንድትወድቂ ነው የምንፈልገው? የትምህርት ነገር ነው፣ እናሳልፋት ብለን ተመካክረን ሞላንልሽ» አሉኝ።

«እኔማ» አለች እትዬ ወይንሸት፣ «አንዱ ጋ ሳላስበው ‹አልስማማም› ላይ አድርጌ ነበር። ደንግጬ በምላጭ ፍቄልሻለሁ።»

ምን ልበል? ከሙሉ ልባቸው ነው ያደረጉት። ከሩቅ የመጣ ሰው ይሄን ውሸት ይለው ይሆናል። እኛ ሰፈር ግን የሰው ልጅ ወረቀት ይዞ ደጅህ ከመጣ የተጠየቀውን አትመልስም፤ ልጁን ታሳልፈዋለህ። ፍቅር ነው። ግን ምርምር አይደለም።

ፕሮግራሙን ለምን እንደማይጠቀሙ ስጠይቃቸው ነገሩ ተራ ሆኖ ተገኘ። ዕቃ ሲወጣ ወረቀቱ ላይ ተቀባዩ ይፈርማል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚፈርም የለም። «ዕቃ ጠፋ ቢባል የማንን ፊርማ ላሳይ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ። ይሄን የሚጠይቅ አንድም መስመር መጠይቄ ላይ አልነበረም። ከየት ይኖራል? ለሌላ ድርጅት የተጻፈ ነው።

ያን ሳምንት ዶክተር ታደለ ቢሮ ገባሁና ዳታውን አላስገባም አልኳቸው።

«ጥሩነሽ፣ ይሄ የማስተርስ ጽሑፍ ነው። ዓለምን የምትለውጪበት አይደለም። አስገቢና ተመረቂ።»

«ውሸት ነው፣ ዶክተር።»

«ማን ዋሸ? አንቺ ጠየቅሽ፣ እነሱ መለሱ።»

«ለእኔ ብለው ነው የመለሱት።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ኮምፒውተሩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አለ።»

ሊስቁ ፈልገው ተዉት። «የአበባ ማስቀመጫ ዳታ አይደለም» አሉ። «ሐሳብሽን ካልቀየርሽ ዘንድሮ አትመረቂም፤ የሚመጣው ዓመት ደግሞ ዋስትና የለሽም።»

«እሺ» ብዬ ወጣሁ። እሺታዬ ግን እሳቸው የፈለጉት ዓይነት አልነበረም።

እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው፣ «ጎረቤቱን ምን ልበለው?» አለች።

«ገና እየለካች ነው በያቸው።»

«ምኑን?»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ክረምቱን ሙሉ ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት መጋዘኑ በር ላይ በርጩማ አድርጌ ተቀመጥኩ። መጠይቅ የለ፣ ምን የለ። ዕቃ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ሲፈረም ማየት ብቻ። መጀመሪያ አፈሩብኝ፣ ቀጥሎ ለመዱኝ፣ በመጨረሻ ረሱኝ፤ እውነተኛው ነገር የሚመጣው ያኔ ነው። ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ያልገባኝን ምሳ ላይ እጠይቃለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ሲመረቁ አበባ ይዤ ሄድኩ። ጥቁር የምርቃት ቆባቸውን አድርገው ፎቶ ሲነሱ አንዷ ጫማዬን አየችና፣ «የላፍቶን ጭቃ በሙሉ ይዘሽው ነው የመጣሽ?» አለችኝ። «ዳታ ነው» አልኳት።

በዓመቱ ፈታኞች ፊት ቀረብኩ። አንደኛው ገጹን ወደፊትም ወደኋላም ገለባብጦ፣ «ቁጥርሽ የታለ?» አለኝ። የድሮዎቹን መጠይቆች ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ቁጥሩ ይኸውላችሁ። ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር በጣም ይስማማል። የሦስተኛው ምዕራፍ ጥያቄ እንዲህ የሚስማሙ ሰዎች የት አሉ የሚል ነው። በእናንተ የመምህራን ስብሰባ ላይ ገጥሟችሁ ያውቃል?»

ዶክተር ታደለ ብቻ ሳል መጣባቸው። ሌሎቹ አልሳቁም። ውጤቴ ሲነገር «አጥጋቢ» ተባለ፤ ከመውደቅ በላይ ያለው የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በሩ ላይ ዶክተር ታደለ ደረሱብኝና፣ «ግትር ነሽ» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኳቸው። ምርቃት ነው የመሰለኝ፤ ዛሬም ይመስለኛል።

ቀጥታ መጋዘን ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ ከሩቅ አይተውኝ ቆመው ጠበቁኝ።

«ስንት ሰጡሽ?»

«አጥጋቢ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አዘኑልኝ። «እኛ የሞላንልሽን ብታስገቢ ኖሮ...» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ዳንቴሉ አሁንም ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ታጥቧል።

ጥናቴ ፕሮግራሙን አስለወጠ ብዬ አልመጻደቅም። የት መደርደሪያ ላይ አቧራ እንደሚጠጣም አላውቅም። ግን እያንዳንዱ ገጽ ላይ ያለውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። «በጣም ጥሩ» ቢሉኝ ኖሮ ያ ውጤት የጋሽ ሸምሱ ደግነት ነበር። «አጥጋቢ»ዋ ግን የራሴ ናት።

ሜሮን ሰዓቷን አየች። መጠይቁን አነበብኩት፤ ሁሉንም። «አገልግሎቱ ሁልጊዜ አስተማማኝ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ሱቅ በር ላይ ቲማቲሜን ታቅፌ የቆምኩበት ትናንት ትዝ አለኝ። «አልስማማም» ላይ ራይት አደረግሁ።

«ወይኔ እትዬ፣ አበላሹብኝ እኮ» አለች። «የሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነበር።»

«እሱማ ነው ችግሩ። ተቀመጪ፣ ለምን እንዳልተስማማሁ ልንገርሽ።»

«እትዬ ይሙቱ፣ ቸኩያለሁ።»

«ሽሮውም ደርሷል።»

ወንበሩ ጠርዝ ላይ ብቻ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ። ቲማቲሙ ጋ ስደርስ ግን፣ «ቆይ ቆይ፣ ከዚያ ባለሱቁ ምን አለዎት?» አለችና መጠይቁን ገልብጣ በጀርባው መጻፍ ጀመረች።