ባንዲራ ሲወርድ የምጸልየው

ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ትቼ ወታደር ሆንኩ። እንጀራዬ ሆነና አሁን ባሕር ተሻግሬ፣ በሰው አገር ባለው ጦር ሰፈራችን የወታደር ልብስ አጥባለሁ። ስምንት ሴቶች በምንተኛበት ክፍል ተንበርክኮ መጸለይ አይቻልም፤ አንዷ በስልክ ታወራለች፣ ሌላዋ ትስቃለች። ስለዚህ ጀምበር ስትጠልቅ ባንዲራችን ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ ዝም በሚልባት ደቂቃ፣ ሰላምታ እንደሰጠሁ በለሆሳስ እጸልያለሁ። ለአገሬና ለእናቴ ነው፤ ሁለቱን ለይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ሃምሳ አለቃው ከሰልፍ በኋላ ጠራኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ባንዲራ ፊት ማስቲካ የሚታኘከው?»

«ጸሎት ነው፣ አለቃ።»

ትንሽ አየኝና «ነገ እኔ አጠገብ ትቆሚያለሽ» አለኝ።

ያቺንም ደቂቃ ልነጠቅ ነው ብዬ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደርኩ። በማግስቱ ከጎኑ ቆሜ ከንፈሬን ገጠምኩ። እሱ ፊቱን ሳያዞር «ምነው ዘጋሽው? ትንሽ ጮክ በይና እኔም ልስማው። ከረሳሁት ቆይቻለሁ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አብረን ቆምን፤ ስለ ነገሩ ግን አንድም ቀን አላወራንም። ተራው ደርሶ ወደ አገር ከተመለሰ ወራት አልፈዋል። ጎኔ ባዶ ነው። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ዛሬም ትንሽ ጮክ እላለሁ።