ፍሬው ሽቶ እስኪመርጥ

ፍሬው እዚህ ጀርመን፣ ጋሉስ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ካለሁበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር። አየር ማረፊያ ሽንት ቤት ያጸዳል። ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ አመል ብቻ አለበት፣ ነገር ካላገላበጠ አይገዛም። ካልሲ ሊገዛ ገብቶ እንኳ ሻጮቹን አሰልችቶ ነው የሚወጣው።

በፈረንጆቹ 2011፣ ብርዱ ሲገባ፣ አንድ ቀን መጣና "ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ" አለኝ። የፈለጋት አፀደን ነው፤ አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ጊንሃይም ሰፈር አጎቷ ዘንድ የምትኖር ልጅ። እሷም እንደምትወደው የማያውቅ ሰው የለም። "በል እሑድ እንሄዳለን" አልኩት። "ትንሽ ይቆዩኝ" አለ። ለምን ብለው፣ ለካ ሽቶ ሊገዛ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ከፍሩሽሺኽት፣ ከማለዳው ፈረቃ፣ በቀጥታ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይመጣና ከአጎቷ ከሀይለየሱስ አጠገብ ይቀመጣል። ሀይለየሱስ ተነሥቶ መስኮት ከፈተ። ፍሬው ደግሞ "በረኪናው ሸትቷቸው ነው" ብሎ ደመደመ። ሀይለየሱስ እኮ ሠላሳ ዓመት ጀርመን ኖሮ፣ በረዶ እየጣለም መስኮት ካልከፈተ የሚታፈን ሰው ነው። ነገርኩት። ማን ሰምቶኝ።

ባቡር ጣቢያው ሱቅ ውስጥ አንድ ርካሽ የወንድ ሽቶ ላይ ዓይኑን ጣለ። ለመሞከሪያ ከተቀመጠው ጠርሙስ ግራ እጁ ላይ ይነፋል፣ ቀኝ እጁ ላይ ከጎኑ ያለውን ውዱን ይነፋል፣ ከዚያ ሥራ ይገባል። ሲወጣ የኔን በር ያንኳኳል።

"ጋሼ፣ እስቲ ያሽትቱልኝ። የግራው አለ?" ብሎ እጁን አፍንጫዬ ሥር ይደቅናል። "ጠዋት ሎሚ ሎሚ ይል ነበር፤ አሁን ሳሙና ሆነብኝ። ርካሽ መሆኑ ያስታውቃል?"

"ለኔ ደህና ነው። ግዛውና ገላግለኝ።"

"ብርድ ስለሆነ ይሆናላ። ሲሞቅስ?"

እንዲህ እያለ ከረመ። አንድ ቀን ቱግ አልኩ። "ስማ፣ ሽማግሌ ሲላክ አንተ ቤትህ ቁጭ ነው የምትለው። የሚሸተት ካለ እኛ ነን።"

"ሲፈቅዱ ይጠሩኝ የለ?" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ያኔ እሷ ፊት መስኮት ቢከፍቱብኝስ?"

አንጀቴን በላው። ከዚያ በኋላ አልተቆጣሁትም።

ገናም ጥምቀትም አለፈ። ሁዳዴ ሲገባ "በጾም ምን ሽምግልና አለ" አለ። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ርካሹን ገዝቶ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። "ጋሼ፣ ከዋጋው በላይ ነው። ውዱን የሚገዛ ሰው ተሞኝቷል። በሉ እሑድ ሂዱልኝ።"

እዚያው ተቀምጦ ሳለ ለሀይለየሱስ ደወልኩ። "ምን ላድርግህ ወንድሜ" አለኝ፤ "የፋሲካ ማግስት ከማንሃይም የአንድ ልጅ ሽማግሌዎች መጥተው ቃል ሰጠናቸው።" ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ፍሬው ከፊቴ ላይ አንብቦታል። ጠርሙሱን ኪሱ ከትቶ ወጣ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሠርጉ ላይ አብረን ሄድን። "ይቅርብህ" ስለው "መቅረት ነውር ነው" አለኝ። ያንን ሽቶ ተቀብቷል፤ እውነት ለመናገር ጥሩ ይሸታል። ሙሽሮቹን እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ተራ ይዘን ተጠጋን። ባሏ ከሌላ ሰው ጋር ሲሳሳም አፀደ የፍሬውን እጅ እንደያዘች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ምነው ፍሬው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ሳትልክ ቀረህ? አጎቴን ትንሽ ቆይ፣ ትንሽ ቆይ እያልኩ ስለምነው ነበር እኮ" አለችው።

ሽቶ እየመረጥኩ ነበር አይባል ነገር። ፍሬው እጇን ለቀቀ። ቀጥሎ፣

"ሥራ በዛብኝ" አላት።