ከአሰብ ያልወጣው መርከበኛ

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ እሁድ እሁድ አመሻሹ ላይ አባቴ በስደት ከምንኖርበት የፋርመርስ ብራንች አፓርታማ ጀርባ ከሰል አቀጣጥሎ ሥጋ ሲጠብስ፣ ጋሽ ብርሃኑ ከላይኛው ፎቅ ወርዶ ፍሙ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ያኔ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭን ነበር፤ አገር ቤት ግን የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር። ለእኔና ለታናሽ እህቴ የሚያወራልን ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ነዳጅ ስላለቀባቸውና ወደቡ ላይ እያሉ ስለተቃጠሉት መርከቦች ነበር። ከአሰብ የወጡበት ቀን ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ «ከዚያ ወጣን» ብሎ ያቆማል።

አንድ እሁድ ብቻችንን ስንሆን «እንዴት ወጣችሁ?» አልኩት።

ጭሱ ዓይኑ ውስጥ እየገባ እንኳ ፊቱን አላዞረም።

«ተስፋዬ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ የአምቦ ልጅ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ። የሬዲዮ ክፍሉን ሚስጥራዊ ወረቀቶች ላቃጥል ብሎ ወደ ቢሮ ተመለሰ። ‹ሳልመጣ የመርከቧን ገመድ እንዳትፈታ› አለኝ። አዛዡ ‹ፍታ!› ሲለኝ፣ ተስፋዬ እየሮጠ ሲመጣ አየሁት። ገመዱን ፈታሁት።»

«ደረሰ?»

«እጁን ያውለበልብ ነበር። እየተሰናበተኝ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።»

በዚያው ዓመት እናቴ በዲቪ ከመጣች አልማዝ ከምትባል ሴት ጋር ቤተ ክርስቲያን ተዋውቃ ምሳ ጋበዘቻት። ጋሽ ብርሃኑም ነበር። መርከበኛ እንደነበረ ስትሰማ አልማዝ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ወንድሜም ባሕር ኃይል ነበር። ተስፋዬ ይባላል፤ የአምቦ ልጅ፣ ሬዲዮ ላይ ይሠራ ነበር። እናቴ እስካሁን ትጠብቀዋለች። ያውቁታል?»

ጋሽ ብርሃኑ እሷን ሳይሆን እኔን አየ።

«ብዙ ነበርን፣ እህቴ። አላውቀውም።»

አፌን ከፈትኩ። እናቴ «ውሃ አምጪ» አለችኝ፤ ሄድኩ። ስመለስ ወሬው ስለ መንጃ ፈቃድ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ብርሃኑ ፍሙ አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ስቴት ሄደ። አልማዝን ግን በየእሁዱ አገኛታለሁ፤ ጉንጬን ትስመኛለች። ልጅ ስለነበርኩ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ነገር ግን ኮሌጅ ስገባም፣ ልጅ ስወልድም አልነገርኳት። ያንን ወደብ አይቼው አላውቅም፤ እየሮጠ የሚመጣውን ሰውዬ ግን ከሞቱት ዘመዶቼ ይልቅ አጥርቼ አየዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የአልማዝ እናት አረፉ። ለቅሶ ቤት አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እስከ መጨረሻዋ ቀን ‹ልጄ እስር ቤት ይሆናል› ትል ነበር» አለችኝ።

እጇን ያዝኩ። ሌላ ለቀስተኛ ሲገባ ቦታዬን ለቀቅሁለት።