ማንም እንዳይነካው የተባለ ሹሩባ

ሰፈሩ ሁሉ «ልስልሷ» ይላታል። ፀጉር ሠሪ ናት፤ እጇ ራስ ላይ ሲያርፍ እንቅልፍ ያመጣል። ታናሽ እህቷ ግን ወታደር ናት፤ ጠመንጃ ፈትታ መግጠም ይቀላታል እንጂ ፀጉር መጎንጎን ሞቷ ነው። እንዲያም ሆኖ ለግዳጅ የሄደች ዕለት ጠዋት ትንሿን ልጇን ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ሹሩባ ሠራቻት። መስመሩ ጠማማ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። «ማንም እንዳይነካው፤ ስመጣ እኔው ራሴ እፈታዋለሁ» አለቻትና ለአክስቷ ለልስልሷ ትታት ሄደች።

ልጅ ደግሞ የተባለውን ይይዛል። ወር አለፈ፣ ሌላውም ተከተለ፤ ሹሩባው ላልቶ ከሥሩ ተቆላለፈ፣ የጭንቅላቷ ቆዳ ቆሰለ። ልስልሷ ማበጠሪያ ባነሳች ቁጥር ልጅቷ አልጋ ሥር ትገባለች። እናቷ በየሳምንቱ ትደውለው የነበረው ስልክም ጭጭ አለ። አክስት «ኔትወርክ ጠፍቶ ነው» እያለች ታባብላታለች።

ደንበኛ መቼም አፍ አያጣም። «የሰውን ራስ ታሳምራለች፣ የእህቷ ልጅ ግን ጨብራራ ሆና ቀረች» አሉ። ወይ ሰው! አልጋ ሥር ገብተው ልጅቷን ያውጧት እስቲ! ቁስሉ መባሱ እውነት ነው፤ ልስልሷን ያንገበገባት ግን ከቁስሉ ይልቅ ወሬው ነበር። ይሉኝታ ክፉ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ትኩሳት ይዟት ፀጉር ቤቱ ሶፋ ላይ ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰዳት። ልስልሷ በዘይት እያለዘበች አንድ በአንድ ፈታችው። ቁስሉን አጥባ ቅባት ቀባችው፤ ከዚያም ሳታጠብቅ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ቆንጆ ሹሩባ ሠራችላት። ደስም አላት።

ልጅቷ ስትነቃ ራሷን ዳበሰች። አላለቀሰችም።

«እማዬ ሞተች?» አለች።

«ኧረ ሟርት አታውሪ! ማን ነገረሽ?»

«እሷ ናት የምትፈታው። አንቺ ከፈታሽው አትመጣም ማለት ነዋ።»

ልስልሷ «ትመጣለች» ልትል ፈለገች። ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ ዛሬ ግን እምቢ አላት። ልጅቷ ዓይን ዓይኗን እያየች ትጠብቃለች።

«አላውቅም፣ የኔ እናት» አለቻት።

«ካላወቅሽ ታዲያ ለምን ፈታሽው?»