ጋሽ ሱልጣን የከደነው ሞተር

ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ሞተር ብስክሌቱን ለማስነሳት ሲታገል፣ ያ ያዝ አድርጎ መልሶ የሚጠፋ ድምፅ በመስኮቴ ገብቶ፣ አያት ሰፈር ገና ማሳ ወደነበረበት ዘመን፣ ወደ አባቴ ግቢ ይመልሰኛል።

የአባቴ አንድ እግር በልጅነቱ በፖሊዮ ስለሰለለች በምርኩዝ ነበር የሚሄደው። ከአያት ጀርባ ካሉ ገበሬዎች ወተት እየሰበሰበ ሲኤምሲ ላሉ ቤቶች በማድረስ ያስተዳድረን ነበርና፣ የክረምቱ ጭቃ ሲያሸንፈው፣ ጭቃም ገደልም የማይፈራ፣ ያገለገለ ባለ አራት ጎማ ሞተር ገዛ። ያንን ሞተር አውቆ የሚፈታው የልጅነት ጓደኛው ጋሽ ሱልጣን ብቻ ነበር። «ጌታቸው፣ ይሄ እኮ በሬ ነው! ጭድ አብላው እንጂ እኔን ምን አስጠራህ?» እያለ፣ ክረምቱን ሙሉ እየተመላለሰ ይጠግንልን ነበር። ጳጉሜ ላይ ወንበሩን አንስቶ፣ ከሥሩ ያለውን የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ በቤንዚን አጥቦና አድርቆ ሲመልሰው፣ ክዳኑንም ሲከድን፣ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ምን እንደሚሠራ አልጠየቅኩም።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት፣ አስተማሪያችን የሰሌዳ መጥረጊያ ዳስተር እንዳመጣ አዘዙኝ። ቤት ውስጥ ስፖንጅ ባጣ የሞተሩን ወንበር አንስቼ፣ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ አወጣሁ። ሽታውን በሳሙና አስለቅቄ፣ ጨርቅ ሰፍቼበት ወሰድኩት፤ ክፍሉ አጨበጨበልኝ።

በጋው ገብቶ ጭቃው ወደ አቧራ ሲለወጥ፣ አባቴ ቅንድቡ ሳይቀር ነጥቶ ይመለስ ነበር። ከገና በኋላ ሞተሩ ጭስ እያበዛ፣ ጉልበት እያጣ ሄዶ፣ አንድ ጠዋት ወተቱን እንደጫነ ቆመ። ጋሽ ሱልጣን መጥቶ ፈታታው፤ ሲሊንደሩን በጣቱ ዳሰሰ።

«አቧራ በልቶታል። ስፖንጁ የታለ?»

«አንተ አይደለህ የፈታኸው?» አለ አባቴ።

«ወላሂ መልሼዋለሁ! በዚህ እጄ ነው የከደንኩት።»

«እጅህን ተወው። እንጀራዬን ነው የቆረጥከው።»

ጋሽ ሱልጣን ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አጠገቤ ቆመሽ አልነበር? ስመልሰው አይተሻል አይደል፣ ልጄ?»

«አላየሁም» አልኩ።

ቁልፎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። ለሞተሩ የሚሆን ፒስተን በከተማው ተፈልጎ ታጣ፤ አባቴም ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ደንበኞቹ የሌላ ሰው ወተት ሲቀበሉ እያየ መዋል ጀመረ። በፋሲካና በኢድ የሚጠያየቁት ሁለቱ ቤተሰቦች ዳግመኛ አልተጠያየቁም። አባቴ ሲሞት ጋሽ ሱልጣን መጥቶ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሳይገባ፣ ከውጭ ቆሞ አልቅሶ ሄደ።

ይህን የነገርኩት ለባለቤቴ ብቻ ነው። «እሁድ አብረን ሄደን ለጋሽ ሱልጣን እንነግራቸዋለን፤ ብቻሽን አትሄጂም» ይለኝ ነበር። ብዙ እሁዶች አለፉ፤ ባለቤቴንም ባለፈው ዓመት ቀበርኩት። ጋሽ ሱልጣን ዛሬ ቦሌ አራብሳ ልጁ ጋ ይኖራል፤ በጣም ደክሟል አሉ። ያኔ የዋሸሁት የአባቴን ቁጣ ፈርቼ ነበር። ዛሬ የሚቆጣኝ ሰው የለም፤ ወደ አራብሳ የሚሄደው ታክሲም ከደጃፌ ነው የሚነሳው፤ እኔ ግን እስካሁን አልተሳፈርኩም።